እመጣለሁ ብሎ ሄደ

እንግዲህ ቀረብ ብላችሁ ስሙኝ። መንገዱ ረጅም ነው፤ ከፈርጋና ሸለቆ ተነሥቶ፣ የካቡልን በረዶ ጥሶ፣ ህንድ ወርዶ፣ ኋላም ባሕር ተሻግሮ እንግሊዝ አገር የሚገባ መንገድ ነው። የሚጓዘውም ሰው ብቻ አይደለም፣ የሰውየው ዓረፍተ ነገር አብሮት ይጓዛል፤ ሰውየው መንገድ ላይ ሲቀር ዓረፍተ ነገሩ ብቻውን ይቀጥላል፤ ሲደርስም ፊትና ኋላው ተለዋውጦ ይደርሳል። ይህ እንዴት እንደሆነ ነው የምነግራችሁ። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እላለሁ፣ እናንተ በልባችሁ ቀንሱ።

በመካከለኛው እስያ፣ ዛሬ ኡዝቤኪስታን በምትባለው አገር ምሥራቃዊ ጫፍ፣ በተራራ የተከበበ ፈርጋና የሚባል ሸለቆ አለ። ሲር ዳርያ የሚሉት ወንዝ ያቋርጠዋል፤ ፍሬ የማይታጣበት አገር ነው። ከከተሞቹ አንዷ አንዲጃን ናት፤ የአንዲጃን የዱር ወፍ ከመስባቱ የተነሣ የአንዱን ወጥ አራት ሰው በልቶ አይጨርሰውም ይባል ነበር። በዚያች ከተማ በ1483 አንድ ልጅ ተወለደ፣ በአባቱ ከቲሙር ዘር፣ በእናቱ ከጄንጊስ ካን ዘር። ዓለም ባቡር ይለዋል፤ እኔ ግን ከድሬዳዋው ባቡር እንዳይምታታባችሁ የአገሩ ሰዎች እንደሚጠሩት ቦቡር እለዋለሁ።

የቦቡር አባት ዑመር ሼኽ ሚርዛ አኽሲ በተባለው ምሽግ ገደል አፋፍ ላይ የርግብ ቤት ነበረው። በ1494፣ በጁን ወር፣ አፈሩ ተናደና የርግብ ቤቱ ከነርግቦቹና ከነጌታው ገደል ገባ። ልጁ ያን ጊዜ አንዲጃን በአንድ የአትክልት ስፍራ ውስጥ ነበር፤ መርዶው በማግስቱ ደረሰው፤ ሰማና አጠገቡ የተገኙትን ሰዎች አስከትሎ፣ ፈረሱ ላይ ዘሎ ወጥቶ ወደ ከተማው ምሽግ ጋለበ። ዐሥራ አንድ ዓመት አልፎት ዐሥራ ሁለተኛውን ይዞ ነበር። እንዲህ ሆኖ ነገሠ።

ኋላ ትልቅ ሰው ሆኖ የሕይወቱን ታሪክ ሲጽፍ፣ ያኔ ሊቃውንቱ በሚመኩበት በፋርስኛ ሳይሆን አፉን በፈታበት በቱርኪ ጻፈው፤ መጽሐፉንም የከፈተው በዚሁ ንግሥና ነው። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። የመክፈቻው ዓረፍተ ነገር አስቀድሞ ወሩንና ዓመቱን ይነግረናል፤ ቀጥሎ ፈርጋናን ይጠራል፤ ቀጥሎ ዕድሜውን ያነሣል፤ መንገሡ የሚመጣው ከሁሉም በኋላ ነው። ‹እኔ› የሚለው ቃል ደግሞ ራሱን ችሎ የትም አልቆመም፤ በመጨረሻው ግስ መጨረሻ ላይ አንዲት የ‹ም› ድምፅ ሆኖ ተለጥፏል። ሰሚው ወሩንም ዓመቱንም አገሩንም ዕድሜውንም ተሸክሞ፣ ‹እሺ፣ ከዚያስ?› እያለ ቆይቶ ነው ማን ምን እንደሆነ የሚያውቀው። ለእኛ ይህ ምን ይገርማል? ‹በ1494 በፈርጋና አገር በዐሥራ ሁለት ዓመቴ ነገሥሁ› ብንል ማናችንም አንደናቀፍም። እንግሊዝኛ ግን በዚህ መንገድ አይሄድም። ሦስት መቶ ዓመት ዘግይተው ወደ እንግሊዝኛ የመለሱት ሰዎች ዓመቱንና ዕድሜውን ፊት ማቆየት ችለዋል፤ ወደ ነገሩ ሲደርሱ ግን ‹እኔ› ለብቻው ቆመ፣ ‹ሆንሁ› ተከተለው፣ ንጉሥነቱ ቀጠለ፣ ፈርጋናም ከሁሉ ኋላ ወደ መጨረሻ ሄደች።

ነገሩን ከነገሥታት አውርደን ወደ ማዕድ እናምጣው። ከቱርኪ የወረደውን ቋንቋ የሚናገረው የዛሬው ኡዝቤክ ‹ቦላ ቆቩንኒ የዲ› ይላል። ቦላ ልጅ ነው፣ ቆቩን ሜሎን ነው፣ የዲ በላ ነው፤ ‹ልጁ ሜሎኑን በላ›። በቆቩን ላይ የተቀጠለችው ‹ኒ› የእኛን ‹ን› ሥራ ትሠራለች፤ ዝምድና የላቸውም፣ ሥራቸው ነው የገጠመው፤ በላተኛውን ከተበላው ትለያለች። የታወቀው ሜሎን ሲሆን ትመጣለች፣ እንዲያው ሜሎን ሲሆን ትቀራለች፦ ‹ቦላ ቆቩን የዲ›፣ ልጁ ሜሎን በላ። ‹ኒ› ካለች ዘንድ ቃላቱን አዛውሩ፦ ‹ቆቩንኒ ቦላ የዲ›። ምንም አልተበላሸም፤ ‹ሜሎኑን ልጁ በላው› ሆነ፣ ከግሱ አጠገብ የተቀመጠው ልጅ ጎላ፣ ሌላ ሰው አልበላውም ማለት ነው። እንግሊዝኛ ላይ ግን ሁለቱን ስሞች ብታለዋውጡ ሜሎኑ ልጁን በላው።

የእንግሊዝኛ ነገር እንደ ድሮ ግብር ነው፤ የሰውየው ማዕረግ በተቀመጠበት ይታወቃል። ከግሱ በፊት ያለው ወንበር የአድራጊው ነው፣ ከግሱ በኋላ ያለው የተደረገበት፤ ወንበሩን የያዘ ማዕረጉንም ይዟል፣ ልብሱ ላይ ምንም ምልክት የለውም። ኡዝቤኩ ግን ማዕረጉን በልብሱ ላይ ሰፍቶ ነው የሚገባው፤ የት ቢቀመጥ ይታወቃል።

እንግሊዝኛም ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በንጉሥ አልፍሬድ ጊዜ፣ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ስሞቹ ባለ ቅጥያ ነበሩ፤ በተለይ በጥገኛው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ግሱን ወደ መጨረሻ መግፋት የተለመደ ነበር። ከዚያ ከስካንዲናቪያ ከመጡት ሰዎች ጋር ተጎራበተ፤ ከዚያ በ1066 ኖርማኖች መጥተው ገዙት፤ የቃላቱም መጨረሻ ከአፍ ወደ አፍ እየደበዘዘ ሄደ። የትኛው ምክንያት ይበልጥ እንደመዘነ ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከራሉ። ቅጥያው እየረገፈ ሲሄድ ግን ቦታ ሥራውን ወረሰ።

የእኛስ? ግዕዝ የተማረ ሰው ያውቀዋል፤ ግዕዝ ግሱን ማስቀደም ይወዳል፣ አማርኛ ወደ ኋላ ያቆየዋል፤ ብዙ የቋንቋ አጥኚዎች ይህ ከአገውና ከሌሎች ኩሻውያን ቋንቋዎች ጋር አብሮ ከመኖር የመጣ ነው ይላሉ። ስለዚህ በቱርኪና በእንግሊዝኛ መካከል ስንቆም መሀል ሜዳ ላይ ያለን ይመስለኛል። እንግሊዙ ‹ዊዝ ዩ› ይላል፣ አያያዡን ከፊት አድርጎ፤ ኡዝቤኩ ‹ሲዝ ቢላን› ይላል፣ ‹እርስዎ ጋር› እንደማለት፣ ከኋላ አድርጎ፤ እኛ ‹ከእርስዎ ጋር› ብለን ከፊትም ከኋላም እንይዛለን። ማንን እንዳመንን እንጃ።

ወደ ቦቡር እንመለስ። ሳማርካንድን የአያቶቹ ከተማ ናት ብሎ ወደዳት፤ ያዛት፣ አጣት፤ ደግሞ ያዛት፣ ደግሞ አጣት። በዚያ መካከል ከሄራት አንድ ደብዳቤ መጣለት፤ የጻፈው አሊሸር ናቮዪ ነበር፣ በቱርኪ ቅኔ ተወዳዳሪ ያልተገኘለት ሰው። ናቮዪ በ1499 ቱርኪንና ፋርስኛን ፊት ለፊት አቁሞ የሚዳኝ መጽሐፍ ጽፎ ነበር። ፍርዱን ለቱርኪ ሰጠ፤ ፋርስኛ ነጠላ ቃል የማያገኝላቸውን የቱርኪ ግሦች መቶ አድርሶ ቆጠረ። ዳኛው የአንደኛው ወገን ልጅ ስለሆነ ፍርዱን እንዳለ አንቀበልም፤ ግን ከግስ መጀመሩ ደስ ይለኛል፣ የዚያ ቋንቋ ቤት ምሰሶው ግሱ ነውና። ቦቡር መልስ ጻፈለት። ዳግመኛ ደብዳቤ ሳይለዋወጡ በ1501 መግቢያ ላይ ናቮዪ ሞተ።

ቦቡርን ከአገሩ ያሳደደው ሙሐመድ ሸይባኒ ካን የሚባል ጦረኛ ነበር፣ የሸይባኒም ሰዎች ኡዝቤኮች ይባሉ ነበር። ዛሬ የአንዲጃን ሰዎች ኡዝቤክ ነን ይላሉ፣ ቋንቋቸውንም ኡዝቤክኛ ይሉታል፣ ቦቡርንም የኛ ነው ብለው ይኮሩበታል። ታሪክ እንዲህ ያለ ቀልድ ያውቃል፤ ስሙ ከአሳዳጁ መጣ፣ መጽሐፉ ከተሳዳጁ ቀረ።

በ1504 ቦቡር ተሰደደ። የተከተሉት ከሁለት መቶ ይበልጡ ከሦስት መቶ ያንሱ ነበር፤ አብዛኞቹ እግረኞች፣ በትር በእጃቸው፣ ሻካራ ጫማ በእግራቸው። ድንኳን ሁለት ብቻ ቀረቻቸው፤ የራሱን ለእናቱ ሰጣት፤ እሱ በየሰፈሩበት በሚቀለስ ጎጆ ያድር ነበር። እናንተም ልብ ብላችኋል፣ እናቱን አስቀድሟል።

እንዲህ ላለ ሰው ኡዝቤኮች ‹ኬላማን ዴብ ኬትዲ› ይላሉ። ኬላማን፣ እመጣለሁ። ዴብ፣ ብሎ። ኬትዲ፣ ሄደ። እመጣለሁ ብሎ ሄደ። ቃል በቃል አስቀምጡት፤ አንዱም ከቦታው ንቅንቅ አይልም። በእነሱ አገርና በእኛ መካከል ስንት በረሃና ባሕር አለ፤ ‹አለ› የሚለውን ግስ በማያያዣ መልክ አድርጎ የሰውን ንግግር ማሠር ግን እነሱም አወቁ፣ እኛም አወቅን። ሌላም ነገር አስተውሉ፦ የሄደው ሰው በገዛ አፉ ‹እመጣለሁ› እንዳለ ነው የቀረው፤ ተራኪው ድምፁን አልነካበትም። እንግሊዝኛ ሲያወራው መሄዱን ያስቀድማል፣ መናገሩን ያስከትላል፣ መምጣቱን መጨረሻ ያደርጋል፤ ብዙ ጊዜም ‹እኔ› ያለውን ‹እሱ›፣ ሊመጣ ያለውን ‹ይመጣ ነበር› አድርጎ በተራኪው አንደበት ይነግረናል። መሄዱን አስቀድሞ የሰማ ጆሮ ተስፋውን በኋላ ያገኛል፤ የእኛና የኡዝቤኩ ጆሮ ግን ተስፋውን ይዞ ነው መሄዱን የሚሰማው። እኔ በዚህ ነገር አድልዎ አለብኝ፣ አልክድም።

ቦቡር ሳማርካንድን በ1511 እንደገና ለጥቂት ወራት ያዛት፣ እንደገና አጣት። ፈርጋናን ግን ዳግመኛ አልገዛም።

ከዚያ በፊት ግን በረዶው አለ። በ1506 መጨረሻ ከሄራት፣ ከስደቱ በኋላ ወደ ያዛት ካቡል ሊመለስ ተነሣ፣ በተራራው መንገድ፣ በዚያ ክረምት። መንገድ መሪው መንገዱን አጣው። በረዶው እርካብ ነክቶ ያልፍ ጀመር፤ ፈረሶቹ እግራቸው መሬት አጣ። ዐሥር፣ ዐሥራ አምስት፣ ሃያ ሰው እየተፈራረቀ ፊት ፊት እየሄደ በረዶውን በእግሩ እየረገጠ መንገድ ያወጣል፤ ፊተኛው ወገቡ ድረስ እየሰመጠ፣ ሲደክመው እየቆመ፣ ሌላው እየተካው፤ ቀኑን ሙሉ ለፍተው የሚሄዱት ጥቂት ነው። አንድ ማታ ነፋሱ እያፏጨ አንዲት ዋሻ አገኙ፤ ጠባብ መሰለቻቸው። ግባ አሉት፣ አልገባም አለ። ሰዎቼ በረዶ ላይ እያሉ እኔ ሞቆኝ ልተኛ? ብሎ አካፋ ይዞ ዋሻው አፍ ላይ ለራሱ ጉድጓድ ቆፍሮ ቁጭ አለ፤ በረዶው በጀርባውና በራሱ ላይ እስኪቆለል ተቀመጠ። ኋላ ዋሻው ወደ ውስጥ ሰፊ ሆኖ ተገኘ፤ ሁሉም ገቡ፣ እሱም ገባ።

እንዲህ ያለውን ጉዞ በቱርኪ የሚተርክ ሰው ማያያዣው ‹ኢብ› ነው። ዛሬም አንድ ኡዝቤክ ከገበያ ሲመለስ ‹ቦዞርጋ ቦሪብ፣ ቆቩን ኦሊብ፣ ኡይጋ ኬልዲም› ይላል፦ ገበያ ሄጄ፣ ሜሎን ገዝቼ፣ ቤት መጣሁ። እኛ ‹ሄጄ›፣ ‹ገዝቼ› እያልን በየጣቢያው ማን እንደሆንን እንናገራለን፤ ኡዝቤኩ በቦሪብና በኦሊብ ላይ ባለቤቱን አይጠቅስም፣ ሰሚውን ይዞ እስከ መጨረሻው ይሄድና ኬልዲም ላይ፣ በዚያች ‹ም›፣ ‹እኔ ነኝ› ይላል። ሰንሰለቱ የፈለገውን ያህል ሊረዝም ይችላል፤ የመጨረሻው ግስ ጊዜውንም ባለቤቱንም ለሁሉም ያድላል። እንግሊዝኛው ባለቤቱን አስቀድሞ ይጠራል፣ ከዚያ ሄደ፣ ገዛ፣ መጣ እያለ እያንዳንዱን ግስ ባለፈ ጊዜ ልክ ቆርጦ ይደረድራል። ሁለቱም ቤት ያደርሳሉ።

ቦቡር ካቡልን ሲገዛ ቆየ፤ በ1526 ፓኒፓት ላይ ድል አድርጎ ህንድን ያዘ። ህንድን አልወደዳትም፤ ሙቀቷ አስመረረው፣ ፍሬዋም አላጠገበው። አንድ ቀን ሜሎን ቆርጦ ሲበላ እንዳለቀሰ ለወዳጁ በደብዳቤ ጽፏል። በ1528 ደግሞ ለልጁ ለሁማዩን ጻፈ፤ ደብዳቤህ ተወሳስቦ አይገባም፣ ስትጽፍ አታጊጥ፣ ግልጽ ቃል ተጠቀም፣ አንተም አንባቢህም ድካም ይቀልላችኋል ሲል ተቆጣው። በተከታዩ ዓመት በዝናብ ወራት አንድ ሌሊት ማዕበል ተነሥቶ ሲጽፍበት የነበረው ድንኳን በላዩ ወደቀ፤ የመጽሐፉ ወረቀቶች በውሃ ራሱ፤ በመከራ ሰበሰቧቸው፤ በሱፍ ምንጣፍ ጠቅልለው ብርድ ልብስ ደራረቡባቸው፤ እሳት አንድደው እስኪነጋ ድረስ ሲያደርቁ አደሩ። ያ ሌሊት ባይሳካ ይህን ሁሉ ባላወራኋችሁ። በ1530 አግራ ላይ ሞተ፤ ኋላ አፅሙ ወደ ካቡል ሄደ።

ዓረፍተ ነገሩ ግን ገና መንገድ ላይ ነው። በ1589 ለልጅ ልጁ ለአክበር መጽሐፉ ወደ ፋርስኛ ተመለሰ። ፋርስኛ ግሱን እንደ ቱርኪ ወደ መጨረሻ ያቆያል፤ መስተዋድዱንና ስምን የሚገልጸውን ሐረግ ግን እንደ እንግሊዝኛ ያደርጋል፤ ‹ያየሁት ሰው› ለማለት ሰውን ያስቀድማል፣ ማየቱን ያስከትላል። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ በፋርስኛ ቤት ግማሽ ዞረ፤ ግሱ እንደቆመ ቀረ፣ ሌላው ተገላበጠ። የቀረውን ግማሽ እንግሊዝኛ አዞረው።

የመጀመሪያው አዟሪ ጆን ላይደን ነው፣ የስኮትላንድ ተወላጅ፣ ሐኪምም ገጣሚም። ከቱርኪው መመለስ ጀምሮ ሳይጨርስ በ1811 ጃቫ ላይ ሞተ፤ መጻሕፍት ሊፈልግ አየር የማይገባበት ቤት ገብቶ ትኩሳት ያዘው ይባላል። ዊልያም ኧርስኪን ከፋርስኛው እየሠራ የላይደንንም አጣምሮ በ1826 አሳተመው። ከዚያ ወይዘሮ አኔት ቤቨሪጅ መጡ። እኚህ ሴት በ1872 ለሴቶች ትምህርት ቤት ሊከፍቱ ካልካታ የወረዱ ናቸው፤ ልጅ አሳድገው፣ ዕድሜያቸው ከገፋ በኋላ ፋርስኛ ተማሩ፣ ከፋርስኛው ወደ ቱርኪ አለፉ፤ በ1905 የቱርኪውን የእጅ ጽሑፍ እንዳለ በፎቶ አሳተሙ፤ ትርጉማቸው ተጠናቆ ሲወጣ ሰማንያ ዓመት አፋፍ ላይ ነበሩ። ወደ ቱርኪው እጅግ ከመጠጋታቸው የተነሣ አንዳንዱ ዓረፍተ ነገራቸው ለእንግሊዝ ጆሮ ይጎረብጣል። እኔ ግን ያን ጉርብጥብጥ እወደዋለሁ፤ ከሥሩ ያለው መንገድ ይታያል።

ዛሬ ደግሞ ጉዞው በየትምህርት ቤቱ ይደገማል። ከአንዲጃን ወይም ከታሽከንት ተነሥቶ እንግሊዝኛ የሚማር ልጅ መጀመሪያ ግሱን ወደ ፊት መጎተት ይማራል። ከዚያ ‹እሱ› እና ‹እሷ› ያስቸግሩታል፣ በቋንቋው ሁለቱም ‹ኡ› ናቸውና። ከዚያ ‹ዘ› የምትባለው ቃል ታስቸግረዋለች፣ የእሱ ቋንቋ ለእሷ የሚሆን ቃል የለውም፤ እኛ ቢያንስ በስሙ መጨረሻ ላይ እንቀጥላታለን። ‹መጣህ ወይ?› ለማለት ‹ኬልዲንግሚ?› ይላል፣ መጠየቂያዋን ‹ሚ› መጨረሻ ላይ ጣል አድርጎ፣ እንደ እኛ ‹ወይ›፤ እንግሊዝኛ ግን ‹ዱ› የሚባል ረዳት ጠርቶ ከባለቤቱ ፊት ያቆማል። ይህንም ይለምደዋል። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ዝናብ ነው። ኡዝቤኩ ‹ዝናብ እየዘነበ ነው› ይላል፣ እንደ እኛው፤ የሚዘንበው ዝናቡ ነው። እንግሊዝኛ ግን ‹ኢት› የሚባል አንድ ቃል ባለቤት አድርጎ ያስቀምጥና ‹እሱ እየዘነበ ነው› የሚል ያህል ይናገራል። ልጁ እጁን አውጥቶ ‹መምህር፣ ይሄ ኢት ማነው?› ብሎ ይጠይቃል። ማንም አይደለም። ፊተኛው ወንበር ባዶ መሆን ስለማይፈቀድለት ነው የተቀመጠው።